3/4 ሲቀነስ 1/6 እንዴት 2/2 ይሆናል?

ሰላም እህቴ። ልጅሽ 3/4 ሲቀነስ 1/6ን ሠርታ 2/2 እንዳመጣች ጽፈሽ፣ «ታህቶቹን አመሳስዪ ብላትም አልገባትም፤ ምን ላድርግ?» ብለሻል። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሰፈር ልጆች አስጠናለሁ። ይቺን መልስ በደንብ አውቃታለሁ። ከላይ 3 ሲቀነስ 1፣ 2። ከታች 4 ሲቀነስ 6 አልሆን ሲላት ገልብጣ 6 ሲቀነስ 4 አለች፤ እሱም 2።

መጀመሪያ ደንቡን አትንገሪያት። «2/2 ስንት ነው?» በያት። አንድ ሙሉ ትልሻለች። ታዲያ ከሦስት አራተኛ ላይ ተቀንሶ እንዴት አንድ ሙሉ ይተርፋል? ይሄን ራሷ ስታየው ነው የምትነቃው። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ማስላት አያቅታቸውም፤ መልሱን መለስ ብለው አያዩትም እንጂ።

ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት አውርጂ። በታክሲ ቃሊቲ ለመድረስ 3/4 ሰዓት ይፈጃል እንበል፤ 45 ደቂቃ። (መንገዱ ሲዘጋጋማ ምኑ ይወራል!) 1/6 ሰዓት፣ ማለትም 10 ደቂቃ ሄደናል። ስንት ቀረን? 35 ለማለት አትቸገርም። አሁን በሰዓቱ ቁጥሮች መሃል ያሉትን 12 ክፍሎች አሳያት። እያንዳንዱ 5 ደቂቃ፣ የሰዓት 1/12 ነው። 45 ደቂቃ 9 ክፍል ነው፣ 10 ደቂቃ 2 ክፍል። 9/12 ሲቀነስ 2/12፣ 7/12። ቁራጩ አንድ ዓይነት ከሆነ በኋላ የሚቀነሰው ላዕሉ ብቻ ነው፤ ታህቱ አይነካም። ታህቱ 7 የሆነ ጥያቄ ግን በሰዓት አይመችም፣ እንዳትሞክሪው።

12 የ4 እና የ6 ትንሹ የጋራ ብዜት ነው፤ የግል ትምህርት ቤት ልጆች ኤልሲኤም የሚሉት። እሱን መፈለግ ካስቸገራት አታጨናንቂያት። 4ን በ6 አባዝታ 24 ትጠቀም። 18/24 ሲቀነስ 4/24፣ 14/24 ነው፤ ሲቃለል ያው 7/12። ትንሹን አላገኘህም ተብሎ የልጅ ነጥብ ሲቀነስ አይዋጥልኝም።

ጉዱ ያለው ድብልቅ ቁጥር ላይ ነው። 5 ከ1/4 ሲቀነስ 2 ከ2/3 በይ። ሲመሳሰል 5 ከ3/12 ሲቀነስ 2 ከ8/12 ይሆናል። ከ3 ላይ 8 አይነሳም፤ ከ5ቱ አንድ ትበደራለች። እዚህ ጋ ልጆች እንደለመዱት 10 ይጨምሩና 3ቱን 13 ያደርጉታል። የተበደሩት አንድ ሙሉ ግን 12/12 ነው። ስለዚህ 4 ከ15/12 ይሆናል፤ መልሱም 2 ከ7/12። በቃሏ አታስላው፤ 12/12ን በእርሳስ ከጎኑ ትጻፈው።

ለዛሬ ግን ወደ ድብልቁ አትሂዱ። 1/2 ሲቀነስ 1/3ን እና 2/3 ሲቀነስ 1/4ን ስጫት። መጀመሪያ በክፍልፋይ ትሥራ፣ ከዚያ በሰዓቱ ታረጋግጥ። 10 ደቂቃ እና 25 ደቂቃ ካገኘች ነገ ቀጥሉ።