ከዝናብ በኋላ የሚረጥበው የፊት ግድግዳ

እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ በተሠራ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ግድግዳ በሚጋራ የለንደን ቤት የሚኖሩት ጠያቂያችን፣ ፎቅ ላይ ባለው ሳሎናቸው ከመስኮቱ ሥር ልስኑ እንደሚረጥብ፣ ነጭ ጨው እንደሚያወጣና ቀለሙም እንደሚላጥ ጽፈውልናል። እድፉ ዝናብ በጣለ በሁለተኛው ቀን ብቅ ብሎ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ አንድ ተቋራጭም የግድግዳውን ግርጌ ኬሚካል እንዲያስወጉት መክሯቸዋል።

ኬሚካሉን ይተዉት። ከመሬት የሚሳብ እርጥበት ከአንድ ሜትር ተኩል እምብዛም አያልፍም፤ የእርስዎ ግን ፎቅ ላይ ነው። በላኩት ፎቶግራፍ የጡቦቹ ፊት ሲፈረፈር በመካከላቸው ያለው ግራጫ መስመር ግን ሳይነካ ገትሮ ቀርቷል። ጥርጣሬዬ እዚያው ላይ ነው፤ ከእርስዎ በፊት የነበረ ሰው የኖራውን መገጣጠሚያ በሲሚንቶ ደፍኖታል።

የዚያ ዘመን ጡብ ለስላሳና ውኃ የሚጠጣ ነው። የተያያዘው ከራሱ በሚለሰልስ ኖራ ስለነበር፣ ግድግዳው የጠጣውን ዝናብ በመገጣጠሚያው በኩል ይተነፍሰው ነበር፤ ጨውም ኖራው ላይ ስለሚቀር፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚያረጀው ኖራው እንጂ ጡቡ አልነበረም። ኖራ እንደ መኪና የፍሬን ሸራ ነው፤ ዋናው ዕቃ እንዳይበላ እሱ ይበላል። ሲሚንቶ ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ አብሮ ስለማይንቀሳቀስ ጠርዙ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ይከፈታል፤ ውኃው በዚያች ይገባል፣ መውጫ ግን ያጣል። ውርጭ ሲመጣ የታመቀው ውኃ በረዶ ሆኖ ያብጥና የጡቡን ፊት ገንጥሎ ይጥላል፤ የቀረው ወደ ሳሎንዎ ይዞራል። ይባስ ብሎ ከ1774ቱ የለንደን የሕንፃ ሕግ ወዲህ የመስኮቱ የእንጨት ሳጥን (መስኮቱን የሚይዘው ክፈፍ) ከጡቡ ጀርባ ስለሚደበቅ፣ ሳይታይ የሚበሰብሰው እሱ ነው። የመስኮቱን ደፍ በመሮ ጫፍ ወጋ ያድርጉት፤ መሮው ከሰመጠ አናጺ ይጥሩ።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ አስቀድመው የአካባቢውን ምክር ቤት ያስፈቅዱ። መነጽር ያድርጉና ሲሚንቶውን በመዶሻና በቀጭን መሮ ያውጡት፤ ግራይንደር የጡቡን ጠርዝ አብሮ ስለሚበላ አያስጠጉት። ጥልቀቱ የመገጣጠሚያው ስፋት እጥፍ ይሁን፣ ከ20 ሚሊሜትርም አይነስ። አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ ሻካራ አሸዋ ይበቃል፤ ርካሹን የተዘጋጀ ከረጢት ግን ጽሑፉን ሳያነቡ አይግዙ፣ ኖራ ተብሎ ሲሚንቶ የተደባለቀበት ብዙ አይቻለሁና። ጡቡን አርጥበው ጠቅጥቀው ይሙሉት፤ ለጥቂት ቀናት እርጥብ ጆንያ ያልብሱት፤ ቅዝቃዜው ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ ሥራውን አይጀምሩት። መነጽሩን አሁንም አያውልቁ፤ እርጥብ ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ ከገባም ወዲያው በብዙ ውኃ አጥበው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

የውስጡን የጂፕሰም ልስንና የፕላስቲክ ቀለም አንስተው በኖራ ይለስኑት። ከሥሩ የሚያገኙት አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፈግፍጉት። ግድግዳው ለመድረቅ ወራት ስለሚፈጅ፣ ልስኑን እስከሚቀጥለው በጋ ያቆዩት።