አንዱ «ያዝ»፣ አንዱ «ሂድ» ሲል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ታሮት የሚባለውን የካርድ ንባብ መማር ከጀመርኩ ገና ጥቂት ጊዜዬ ነው። ካርዶቼ የዌይትና የስሚዝ የሚባሉት፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸው ናቸው። ሰሞኑን «ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» ብዬ ሁለት አወጣሁ። መጀመሪያ ባለ አራት ሳንቲም፣ ቀጥሎ ባለ ስምንት ዋንጫ ወጣ። ከካርዶቹ ጋር የመጣችው ትንሽ መጽሐፍ ስለ መጀመሪያው «ያለን አጥብቆ መያዝ» ትላለች፤ ስለ ሁለተኛው «ትቶ መሄድ»። ሆድና ጀርባ ሆኑብኝ። ላስታርቃቸው ብዬ ሦስተኛ ሳወጣ ጨረቃ መጣችና ጭራሽ ግራ ገባኝ። የሥራዬ ደመወዝ ጥሩ ነው፣ ዕድገትም አግኝቻለሁ። ግን የዕረፍት ቀኔ ሊያልቅ ሲል ሆዴ መረበሽ ይጀምራል። የትኛውን ካርድ ልስማ? ቅደም ተከተላቸው ቢገለበጥስ ኖሮ መልሱ ይለወጥ ነበር?
(ሁለት ልብ የሆንኩት)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ጨረቃን ወደ ቦታዋ መልሻት። በሁለት ካርዶች መካከል ሽማግሌ እንዲሆን የተጠራ ሦስተኛ ካርድ ሲያስታርቅ አላየሁም፤ የራሱን ጣጣ ይዞ ነው የሚመጣው። ጨረቃ ከፈለግሽም ባለ ስምንት ዋንጫው ላይ አለችልሽ።

የተቸገርሽው ካርዶቹን አቁመሽ «ማንኛችሁ ናችሁ እውነተኛው?» ስላልሽ ይመስለኛል። እኔ ሁለት ካርድ ሲወጣ የማነበው እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው ባለቤቱ ነው፣ ሁለተኛው ግሱ። አንዱ ሌላውን ምን እንደሚያደርገው ካላየሁ አላነበብኩም።

እስቲ መጽሐፏን ዝጊና ሥዕሎቹን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። ባለ አራት ሳንቲሙ ላይ ዘውድ የደፋ ሰው ተቀምጧል። አንዱ ሳንቲም ዘውዱ ላይ ነው፤ አንዱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎታል፤ ሁለቱን ደግሞ ረግጧቸዋል። ከጀርባው ከተማ ይታያል፣ እሱ ግን ዞር ብሎ ያየውም አይመስል። አሁን ይህ ሰው ልነሣ ቢል ምን ይሆናል? እግሩን ካነሣ ሁለቱ ሳንቲሞች ያመልጡታል። አንገቱን ካዘነበለ የላዩ ይወድቃል። እጁን ለሰላምታ እንኳ መዘርጋት አይችልም። ንፉግ ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። እኔን ግን ከስስቱ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ታስሮ መቀመጡ ነው፤ ያሰረውም ማንም ሳይሆን የገዛ ራሱ ነው።

ባለ ስምንት ዋንጫው ላይ ቀይ የለበሰ ሰው በትር ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ በሌሊት ወደ ተራራው ይሄዳል። ዋንጫዎቹ ከፊት ተደርድረዋል፤ አምስቱ ከታች፣ ሦስቱ ከላይ። አንዱም አልተሰበረም፣ አንዱም አልተደፋም። ባለ አምስት ዋንጫውን አውጥተሽ ብታስተያዪው ልዩነቱ ይገባሻል፤ እዚያ ሦስቱ ተደፍተው ሰውየው ያለቅሳል። እዚህ የሚሄደው ምንም ሳይበላሽበት ነው። የላይኛውን ረድፍ ደግሞ ጠጋ ብለሽ እዪው። በመካከሉ አንድ ዋንጫ የሚያህል ክፍተት አለ። የቀሩት ሁሉ በቦታቸው ሆነው አንዱ ጎድሎታል፤ ሰውየውን ሌሊት ከቤቱ ያስወጣው እሱ ነው።

ሁለቱን ሰዎች አንድ ሰው አድርገሽ ካየሻቸው ንባቡ እንዲህ ይመጣል፦ ልብሽ ከሸፈተ ቆይቷል፣ እግርሽ ግን አሁንም ሳንቲሙ ላይ ነው። ሆድሽን የሚረብሸውም ይኸው ይመስለኛል። ካርዶቹ አልተጣሉም። ያለሽበትን ሁኔታ ተጋግዘው ነው የነገሩሽ።

ይህን በሥዕሉ ብቻ ተመርቼ እንዳላልኩ የሚያሳይ ሌላም መንገድ አለ። ካርዶቹን በዌይት ሐሳብ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ሥላ በ1909 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ከመታተማቸው በፊት፣ ከጥቂት በቀር ትንንሽ በሚባሉት ባለ ቁጥር ካርዶች ላይ ሰውም ታሪክም አልነበረም። የማርሴይ ከሚባለው ከቆየው የፈረንሳይ ታሮት ብታወጪ ኖሮ የምታዪው አራት ሳንቲምና ስምንት ዋንጫ ብቻ ነበር። ያኔ የሚነበበው ቁጥሩና ወገኑ ነው። አራት መደላደል ነው፤ ስምንት የአራት እጥፍ ነው፤ መደላደሉ ከልክ አልፏል ማለት ነው። ዋንጫ ውሃ ነው፣ ሳንቲም መሬት ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተመሠረተውና ዌይትም ስሚዝም አባል የነበሩበት «ወርቃማው ንጋት» የሚባለው ማኅበር ባወጣው ሥርዓት ውሃና መሬት ወዳጆች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ያበረታል። ከዋንጫው ጎን የእሳቱ ወገን በትር ወጥቶ ቢሆን ኖሮ እሳትና ውሃ ይዳከሙ ነበር፤ «ተጣሉብኝ» ማለትሽም ያኔ ያስኬድ ነበር። ማኅበሩ ለባለ አራት ሳንቲም የሰጠው ስም «ምድራዊ ሥልጣን»፣ ለባለ ስምንት ዋንጫ ደግሞ «የተተወ ስኬት» ነው። ዕድገት ስላገኘሽበትና ስለሚያስጨንቅሽ ሥራ ጠይቀሽ እነዚህ ሁለቱ መውጣታቸው እኔንም ፈገግ አሰኝቶኛል። ለኮከብ ነገር ግድ ካለሽም ያው ነው፦ በዚሁ ሥርዓት ባለ አራቱ ፀሐይ በጀዲ ነው፣ ባለ ስምንቱ ሳተርን በሑት። የጀዲ ገዥ ማን ነው? ሳተርን። የሚያስይዝሽም የሚያስለቅቅሽም አንዱ ሆኖ አረፈ።

ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል ወይ ላልሽው፣ በጣም እንጂ። መጀመሪያ ዋንጫው፣ ቀጥሎ ሳንቲሙ ቢወጣ ኖሮ የማነበው ስለወጣ ሰው ነበር፤ ጥሎ ሄዶ፣ አዲሱ ቦታ ሲደርስ በፍርሃት እንደገና ማቀፍ ስለጀመረ ሰው። አንቺ ጋ ግን እቅፉ ቀድሞ እርምጃው ተከትሏል፤ ነገሩ ወደ መላላት እያመራ ነው።

ታዲያ «ልቀቂ» ልበልሽ? አልልም። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ኢጣሊያ ውስጥ ሰዎች የሚጫወቱበት ካርታ ነበር። ምሥጢር አለው፣ ከጥንት ግብፅ የመጣ ነው የሚለው ወሬ የተነሣው በ1781 እ.ኤ.አ. ኩር ደ ጄብላን የተባለ ፈረንሳዊ ከጻፈ በኋላ ነው። መልቀቂያ የሚያጽፍ ሥልጣን ለካርዶቹ ማንም አልሰጣቸውም። ጥያቄሽም «ልልቀቅ ወይስ ልቆይ» መሆኑ በራሱ አስቸግሮሻል። ሁለት ካርድ የሚመቸው «ምን ይዞኛል፣ ምንስ ይጠራኛል» ለሚል ጥያቄ ነው። ደግመሽ አታውጪ፤ በወጡት ላይ ይህን ጠይቂባቸው።

ለአራቱ ሳንቲሞች ስም ስጫቸው። ዘውዱ ላይ ያለው ማዕረግሽ ይሆን? ያቀፍሽው ደመወዙ ነው? የረገጥሻቸውን ሁለቱን ለማወቅ ጊዜ ውሰጂ፤ ሰው የረገጠውን እንደያዘ አይቆጥረውም። «ምን ይሉኛል» ሊሆን ይችላል፣ መልመድም ሊሆን ይችላል። ከዚያ የጎደለውን ዋንጫ ጥሪው። መጥራት ካቃተሽ ደብዳቤውን አሁን አትጻፊ፤ የጎደለሽን ሳታውቂ ብትሄጂ የምትደርሽበት ቦታም ክፍተቱ እንዳለ ነው። መጥራት ከቻልሽ ደግሞ ቀሪው የካርድ ሥራ አይደለም፤ ያለ ደመወዝ ስንት ወር መቆየት እንደምትችዪ ወረቀት ላይ አስልተሽ እዪ።

ጥያቄ፦ ላገባ ነው። ስለ ትዳራችን ሁለት ካርድ ባወጣ ፍቅረኞቹና ሞት አንድ ላይ ወጡ። እጮኛዬ ይሞታል ማለት ነው? እንቅልፍ አጣሁ።
(የፈራሁት)

መልስ፦ አይደለም፣ ተኚ። ስለ ሰው ዕድሜ ከካርድ አነባለሁ የሚል ካጋጠመሽ ተነሥተሽ ውጪ።

ሞት የሚባለውን ካርድ ደፍረሽ እዪው። ፈረሰኛው አጽም ነጭ አበባ ያለበት ጥቁር ባንዲራ ይዟል፤ ንጉሡ ወድቋል፤ ወጣቷ ፊቷን አዙራለች፤ ሕፃኑ ግን ቀና ብሎ ያየዋል። ከሩቅ በሁለት ማማዎች መካከል ፀሐይ አለች። ከፍቅረኞቹ ጋር ሲወጣ የማነበው፣ እስከ ዛሬ የነበራችሁ የፍቅረኛነት መልክ እንደሚያበቃ ነው፤ ሰዎቹ ሳይሆኑ መልኩ። ሁለት ለየብቻ የኖሩ ሰዎች አብረው ሊኖሩ ሲሉ የሚያበቃ ነገር መኖሩ አይቀርም፤ ብቻን የመወሰን ልማድ፣ የራስ ገንዘብ፣ የራስ ጊዜ። ከእነዚህ ከእጮኛሽ ጋር ያልተነጋገራችሁበት ካለ ከሠርጉ በፊት አንሡት። ሞትን ያየሽው አንቺ ነሽና አንቺ ጀምሪው።