ስምንቱ ጎሎች የት ገቡ?

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በአውስትራሊያ መንግሥት መዝገብ የተወለድኩት ጃንዋሪ 1 ነው። እናቴ ግን «በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ፣ ገበያ የሄዱት ሳይመለሱ ነው የወለድኩህ» ትለኝ ነበር። ስደት ላይ ፎርም የሚሞላልኝ ሰው ቀኑን ሲጠይቀኝ፣ ኅዳርን ወደ ፈረንጅ ለመመለስ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ወረፋው ረጅም ነበር። ሰውየው «ጃንዋሪ 1» ብሎ ጻፈና «ቀጣይ!» አለ። ሜልበርን ውስጥ በዚያው ቀን «የተወለድን» ሐበሾች እንሰብሰብ ብንል አዳራሽ አይበቃንም።

እግዜር ሲቀልድ፣ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ነው። ጡረታ ስወጣ ደግሞ እጄ አላርፍ አለና የአውስትራሊያ ፉትቦል ታሪክ ውስጥ ገባሁ። የምኖረው ምዕራብ ሜልበርን ነው። እዚያ ሰፈር «ፉቲ» የማይወራበት ቤት የለም። ሰሞኑን ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ የኳስ ታሪክ ማረም እንደጀመራችሁ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ትንሽም ሰግቻለሁ። ይቺን የጻፍኩት ለዚያ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ፉቲን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሜዳው ሞላላ ነው፣ ኳሷም ሞላላ ናት። በየቡድኑ 18 ሰው ይሰለፋል። በመሃለኞቹ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች መካከል በእግር ተመትታ የገባች ኳስ ጎል ናት፣ 6 ነጥብ። በጎን ባሉት አጫጭር ቋሚዎች በኩል ካለፈች 1 ነጥብ ብቻ ናት፣ «ቢሃይንድ» ይሏታል። ስለዚህ ውጤት 7.9 (51) ተብሎ ይጻፋል። 7 ጎል፣ 9 ቢሃይንድ፣ ድምሩ 51። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

ሰፈሬ ያለ አንድ ትንሽ ክለብ መቶኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲል የክብር ሰሌዳውን እንዳጣራለት ጠየቀኝ። ሰሌዳው የእንጨት ነው፣ ፊደሉ ወርቅማ። አንዱ መስመር ላይ በ1930ዎቹ በተደረገ የፍጻሜ ጨዋታ አንድ አጥቂ 8 ጎል አገባ ይላል። የዚያን ጊዜውን ጋዜጣ በማይክሮፊልም አወጣሁ። ቀለሙ ፈሷል። ከሰውየው ስም አጠገብ ያለው ቁጥር 3 ነው ብትሉም ያስኬዳል፣ 8 ነው ብትሉም ያስኬዳል። አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ግማሽ ሰዓት አፈጠጥኩበት። ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። የቡድኑ ጠቅላላ ውጤት 7.9 (51) ነው። ቡድኑ በሙሉ ያገባው 7 ከሆነ አንድ ሰው 8 ከየት ያመጣል? የሌሎቹን አግቢዎች ደመርኩ፣ 4 መጣ። የሱ 3 ነው። አለቀ።

ስብሰባው ላይ ተነሳሁና እንደ ዐቃቤ ሕግ አነበብኩት። «ሰማንያ ዓመት ሙሉ ውሸት ተሰቅሎ ኖሯል» አልኩ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ለካ የአጥቂው የልጅ ልጅ ናት። ሒሳቡ ልክ ነበር፣ እኔ ግን ባለጌ ሆኜ ነበር። «ውሸት» የሚለውን ቃል ማን አቀበለኝ?

በሳምንቱ የጫማ ካርቶን ይዛ መጣች። ውስጡ የተቆራረጠ ጋዜጣ ነው፣ ሙጫው ደርቆ ይሰባበራል። አንዱ ላይ የአያቷ ስም አለ፣ አጠገቡ ጥርት ያለ 8። ዓመቱ ያው ነው፣ ተጋጣሚውም ያው። ብቻ ከፍጻሜው ስድስት ሳምንት በፊት የተደረገ ተራ ጨዋታ ነው። ጎሎቹ ገብተዋል። ቀናቸውን ነው የሳቱት። ቤተሰቡ ሲያወራ ሲያወራ ትልቁን ቁጥር ለትልቁ ቀን ዳረው። ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ ስህተት ሳገኝ ቶሎ አልሰርዝም። መጀመሪያ የት እንደተወለደ እፈልጋለሁ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። መወለጃውን ካላገኛችሁት ዛሬ ከአንድ ገጽ ብትነቅሉት ነገ በሌላ በኩል ይበቅላል።

ቁጥር ለማረም ቀላሉ ነው፣ መደመር ከቻላችሁ ይበቃል። በ11 ኤፕሪል 2001 ኮፍስ ሃርበር ላይ፣ ይሄ እንግዲህ እኛ እግር ኳስ የምንለው ነው፣ አውስትራሊያ አሜሪካን ሳሞአን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ገጠመች። ጎሉ ሲዘንብ ሰሌዳውን የያዘውም ሰው ግራ ገባው። ጨዋታው ሲያልቅ ሰሌዳው 32 ለ 0 ይል ነበር። በኋላ ሲጣራ 31 ለ 0 ሆኖ ጸደቀ፣ አርቺ ቶምፕሰንም ከ14 ጎል ወደ 13 ወረደ። ያም ሆኖ የዓለም ሪከርድ ነው። ያን ቀን ሜዳ የነበረ ሰው ዛሬ «32 ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» ቢላችሁ አልዋሸም። ያየውን ነው የነገራችሁ።

ፉቲም የራሱ አለው። በ30 ኤፕሪል 2006 ታዝማኒያ፣ ሎንሰስተን ላይ ፍሪማንትል ሴንት ኪልዳን በ1 ነጥብ ይመራ ነበር። የማብቂያው ሳይረን ጮኸ፣ ዳኞቹ ግን አልሰሙም። ጨዋታው ቀጠለና ሴንት ኪልዳ 1 ነጥብ አግኝቶ እኩል ወጡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የፉቲ ሊጉ አስተዳደር ተቀምጦ ድሉን ለፍሪማንትል ሰጠ። አሁን መዝገቡ ላይ «ፍሪማንትል በ1 ነጥብ አሸነፈ» ብላችሁ ብቻ ብታልፉ ልክ ናችሁ። ግን የዚያን ቀን ማታ የወጣ ወሬ ያገኘ የነገ ልጅ «እኩል ነው የወጡት!» ብሎ መልሶ ያበላሸዋል። እርማቱ አጠገብ አሮጌውን ውጤትና የተቀየረበትን ምክንያት ተዉለት። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ የሚባል ድረ ገጽ አለው፣ የድሮ ጋዜጦች በነጻ ይነበቡበታል። ኮምፒውተር አሳስቶ ያነበበውን ማንም ሰው ገብቶ ያርማል። እኔም ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ አርማለሁ። የምወድለት ነገር የዋናው ጋዜጣ ምስል ሁልጊዜ ከጎን መኖሩ ነው። ብሳሳት የሚቀጥለው ሰው ይይዘኛል።

«የመጀመሪያው» የሚለውን ቃል ስታዩ ፍሬን ያዙ። ብዙ ዘመን የአውስትራሊያ የመጀመሪያው የእግር ኳስ ግጥሚያ በ14 ኦገስት 1880 ፓራማታ ላይ የተደረገው ነው ሲባል ኖረ። ጆን ዋልተር ፍሌቸር የሚባል መምህር ያቋቋመው ዋንደረርስ ከኪንግስ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር የተጫወተው ማለት ነው። በኋላ የጋዜጣ ፈላጊዎች ሲቆፍሩ ሆባርት ላይ በ1879 የተደረገ ወጣ። ከዚያ ደግሞ በ1875 ብሪዝበን አቅራቢያ፣ ዉጋሩ በሚባል የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ግቢ የተደረገ ጨዋታ ተገኘ። ደንቡ ኳሷን በእጅ መያዝ ይከለክል ነበር። ነገ ከዚህም የሚቀድም ይገኝ ይሆናል። ስለዚህ እኔ «እስካሁን ከተገኙት ቀዳሚው» ብዬ እጽፋለሁ። ሦስት ቃል ነው፣ ብዙ ውርደት ያድናል። ፍሌቸርም ምንም አልቀረበትም፣ ክለብ አቋቁሞ ጨዋታውን ያስያዘ ሰው ነው።

አሁን ወደ ፉቲ ተመልሰን ወደ ከባዱ እንምጣ። ሄንሪ ሃሪሰን ለረጅም ዘመን «የፉትቦል አባት» ተብሎ ኖረ። ትልቅ ሰው ነው፣ በ1866 ደንቡ ሲሻሻል ዋናው እጅ የሱ ነበር። ግን ደንቡ መጀመሪያ በተጻፈበት ቀን አልነበረም። ያ ቀን 17 ሜይ 1859 ነው። ጥቂት ሰዎች ሜልበርን ከክሪኬት ሜዳው አጠገብ አንድ ሆቴል ውስጥ ተቀምጠው አሥር ደንብ ጻፉ። ከነሱ አንዱ የሃሪሰን የአጎት ልጅ ቶም ዊልስ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በጁላይ 1858፣ ክሪኬተኞች ክረምቱን እንዳይዝሉ የፉትቦል ክለብ ይቋቋም ብሎ ለጋዜጣ የጻፈውም እሱ ነው። ያ ካልተቻለ የጠመንጃ ተኩስ ክለብ ይሁን ብሎም ነበር። ተኩሱን መርጠው ቢሆን ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደምናይ እንጃ።

ታዲያ ዊልስ ለምን ተረሳ? በ1880 በመጠጥ ተጎድቶ በራሱ እጅ ሞተ። 44 ዓመቱ ነበር። ሃሪሰን እስከ 1929 ኖረ፣ ጨዋ፣ የተከበረ፣ ንግግር የሚጋበዝ። ለልጆች የሚነገር አባት ሲፈለግ ማን እንደሚመረጥ ይታያችኋል። ማንም ተቀምጦ አልዋሸም። ያፈሩበትን ሰው ዝም አሉት፣ ዝምታው ታሪክ ሆነ። እንዲህ ያለውን ስህተት በመደመር አታገኙትም።

ዛሬ ደግሞ ፔንዱለሙ ወዲያ ሄዷል። «ዊልስ ብቻውን ፈጠረው» የሚሉ በዝተዋል። ይህም አይሆንም። ዊልስ እንግሊዝ አገር ራግቢ ትምህርት ቤት ነው የተማረው፣ የዚያን ትምህርት ቤት ደንብ ሲያመጣ ጓደኞቹ አልተቀበሉትም። ኮሚቴ ነው የጻፈው። እንደ ኮሚቴ ሥራ ሁሉ ጭቅጭቅ ነበረበት።

የአየርላንዱን ቶሎ ልለፈው። ፉቲ ከጌሊክ ፉትቦል ነው የመጣው ይባላል። ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ እውነት ነው። ግን የጌሊክ ፉትቦል ደንብ የተጻፈው በ1885 ነው፣ የሜልበርኑ ደግሞ በ1859። ልጅ አባቱን አይወልድም።

የሚያስቸግረኝ ማርን ግሩክ የሚባለው የአውስትራሊያ ቀደምት ሕዝቦች የኳስ ጨዋታ ነው። ዊልስ ያደገው በምዕራብ ቪክቶሪያ፣ ሞይስተን አካባቢ ነው። የጨዋታ ጓደኞቹ ከቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆኑት የጃብ ዉሩንግ ልጆች ነበሩ፣ ቋንቋቸውንም ይናገር ነበር። የዚያ ምድር ቀደምት ሕዝቦች ፖሰም በሚባል እንስሳ ቆዳ በተሰፋ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ይህንን ነጮቹም ጽፈውታል። ዊልያም ቶማስ የሚባል ሹም በ1841 ያየው በ1878 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ታዲያ ፉቲ ከዚያ ነው የመጣው? ዊልስ ራሱ እንዲህ ብሎ የጻፈው አልተገኘም። በ2008 ሊጉ የጨዋታውን 150ኛ ዓመት ሲያከብር ባወጣው መጽሐፍ ላይ አንዲት የታሪክ ጸሐፊ ነገሩን አፈ ታሪክ ነው ብላ ጻፈች፣ ትልቅ ጠብ ተነሳ። በ2019 ደግሞ ሊጉ ራሱ የጨዋታውን ሥር ከምድሪቱ ጥንታዊ ባህል ጋር አያይዞ መግለጫ አወጣ።

በመዝገብ ቤት ዘመኔ ቢሆን «ወረቀት የለም፣ አልቋል» እል ነበር። አሁን አልልም። ወረቀቱን ማን ነበር የሚጽፈው? እስክሪብቶው በማን እጅ ነበር? ይህን ስል ግን የሌለ ማስረጃ ፍጠሩ አላልኩም። ሁለቱን ጥያቄ ለዩ። «እነዚያ ሕዝቦች ኳስ ይጫወቱ ነበር ወይ?» አዎ፣ አያጠራጥርም። «ዊልስ ከነሱ ወሰደ ወይ?» ይህ አልተረጋገጠም። ሁለቱን አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አትክተቷቸው፣ አንዱ ሌላውን ይዞ ይወድቃል። የሽማግሌዎቹን ቃልም ከግርጌ አትጣሉት፣ «የማኅበረሰቡ ሽማግሌዎች እንዲህ ይላሉ» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ።

የክለቡንም ሰሌዳ እንዲሁ ነው ያደረግነው። የፍጻሜው መስመር ላይ 3 ተጻፈ። ከሱ በታች አዲስ መስመር ተጨመረ፣ የተራው ጨዋታ ቀንና 8 ጎል። የምርቃቱ ቀን የልጅ ልጅየዋ ሁለት ጊዜ ፎቶ አነሳችው። አንዱን ላከችልኝ።

የኔን የልደት ቀን ለምን አላረምከውም ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር። ፎርሙን ሞላሁ፣ ማስረጃ ተጠየቅኩ። የገበያው ቀን፣ የሚካኤል ዋዜማ፣ ሁሉም በእናቴ አፍ ነበር ያለው። እሷ ካረፈች ቆይታለች። ባለፈው ጃንዋሪ 1 ልጆቼ እንደ ልማዳቸው ኬክ አመጡ። እኔም እንደ ልማዴ ሻማውን እፍ አልኩ።