ዝናቡ ይዝነብ፣ ሰርጉ ካነን ቢች ላይ ይሁን

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ጥያቄሽ ልቤን ነካው። ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ኦሪገን፣ ካነን ቢች በሚባለው ባሕር ዳርቻ ላይ ልትሞሸሪ ነው። ሰማንያ ሰው ጠርተሻል። ትንበያው ዝናብ ያሳያል። ከአዲስ አበባ የመጡት እናትሽ ደግሞ «አዳራሽ ይሁንልኝ» እያሉ ያለቅሳሉ። ልሰርዘው ወይስ ልቀጥል ነው ያልሽው። እኔ ፖርትላንድ ነው የምኖረው፣ የሰርግ ዲኮር እሠራለሁ፣ ታናሽ እህቴንም እዚያው ባሕር ዳርቻ ላይ በዝናብ ድረናታል። መልሴ ቀጥዪ ነው። ግን «ያባራል» ተብሎ ሰማይ ሰማይ የሚታይበት ሰርግ አታድርጊው። ከወዲሁ የዝናብ ሰርግ ብለሽ አዘጋጂው፣ ፀሐይ ከወጣች ትርፍሽ ነው።

ይህን የምልሽ የሰው ስሜት የሚበላሸው በመጠበቅ ስለሆነ ነው። «ትንሽ እንቆይ፣ ሊያቆም ነው» እየተባለ ሰዓት ሲሄድ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ሽማግሌዎቹ ይበርዳቸዋል፣ ሙሽራዋ ፊቷ ይጠቁራል። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ወስኑና ለሁሉም እንግዳ መልእክት ላኩ፦ ቢዘንብም ሰርጉ ባሕር ዳርቻው ላይ ነው፣ ሞቅ ያለ ጃኬትና ዝግ ጫማ ይዛችሁ ኑ። የሲያትልና የፖርትላንድ ሰው ዝናብ ለምዷል፤ ከዳላስና ከላስ ቬጋስ የሚመጡት ግን ካልተነገራቸው በክፍት ጫማ ነው የሚመጡት። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ የኦሪገን ባሕር ዳር በሐምሌም ቢሆን ጉምና ቀዝቃዛ ነፋስ አያጣውም። ፀሐይ መጀመሪያውንም ቃል አልገባችልሽም።

እኔን ከዝናቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነፋሱ ነው። ዣንጥላ ይገለብጣል፣ ቬል ይወስዳል፣ ድንኳን ያነሳል። አሸዋ ላይ ካስማ አይዝም። ስለዚህ ትልቁን ድንኳን አሸዋው ላይ አታስቢው፣ የተከራያችሁት ቤት ግቢ ውስጥ ሣሩ ላይ ይተከል። ግድግዳ ያለው ይሁን፣ ከባድ ማሰሪያ ክብደት ይኑረው፣ መሬቱ ላይ ጣውላ ይነጠፍ። ጣውላውን ለማስቀረት የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፣ እባክሽ እሱ ላይ አትቆጥቢ፤ እግሩ የረጠበ ሰው አይጨፍርም። ድንኳን አከራዮቹን ድንኳኑ እስከ ስንት ነፋስ እንደሚችል ጠይቂያቸው፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሰው አስወጥቶ ወደ ቤት መግባት ነው። የሚገባበትን ክፍል ከአሁኑ ለዪ።

አሸዋው ላይ የሚሆነው የቀለበቱ ፕሮግራም ብቻ ይሁን፣ ከሃያ ደቂቃ አይለፍ። የኦሪገን ባሕር ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው ሕግ መሠረት ለሕዝብ ሁሉ ክፍት ነው፣ ስለዚህ ውሻውን ይዞ የሚያልፍ ሰው ቢኖር አትናደጂ፣ እልል ይልልሻል። የባሕሩን ሙላት ሰንጠረዥ ግን የግድ እይው። ሰዓቱን ውኃው በሚሸሽበት ጊዜ አድርጊው። ያኔ አሸዋው ይሰፋል፣ እርጥቡ መሬት እንደ መስታወት ይሆንና ያ 235 ጫማ የሚረዝመው የባሕሩ ቋጥኝ፣ ሄይስታክ ሮክ፣ ከእግራችሁ ሥር ተገልብጦ ይታያል። ልጆች ዳር ላይ ባለ ግንድ ላይ እንዳይቀመጡ አንድ ሰው መድቢ። ድንገት የሚመጣ ማዕበል ያንን ግንድ አንስቶ ያንከባልለዋል፣ ሰው ገድሎ ያውቃል። ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ ክርክር የለም፣ ሁሉም ቤት ይግባ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቃችሁ ተመለሱ።

አሁን ስለ እናትሽ። በእኔ ግምት የእሳቸው ጭንቀት «እንግዳችን ተጉላላ» መባሉ ነው። ይህ ለእናቶቻችን ቀላል ነገር አይደለም፣ አትከራከሪያቸው። ይልቅ አርብ ዕለት ወስደሽ ድንኳኑን፣ ማሞቂያውን፣ የሚቀመጡበትን ወንበር አሳዪያቸው። ነጠላ ሲረጥብ ሰውነት ላይ ተጣብቆ ያበርዳል፣ ስለዚህ ጋቢ ያድርጉ፣ ከላዩ ደግሞ ውኃ የማያስገባ ካፖርት። ለሁሉም አዛውንት ጋቢ አዘጋጂ። «ከድስት ስለምትበዪ ነው የዘነበብሽ» ቢሉሽ ሳቂላቸው፣ እኛም ተብለናል። ገበሬ አያቶቻችን ለዝናብ ስንት ምህላ ያደረሱ ሰዎች ናቸው፣ ዝናብ በረከት መሆኑን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

ቡናው ይፈላ፣ እንዲያውም በዝናብ ነው ቡና የሚያምረው። ግን ከሰል ግድግዳው በተዘጋ ድንኳን ውስጥ በፍጹም እንዳይገባ። ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ። ጄኔሬተሩም ውጭ፣ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ። የዲጄው ገመዶች ከመሬት ከፍ ይበሉ።

ፀጉርሽን ካውያ ልታስደርጊ ከሆነ እለምንሻለሁ ተዪው። የባሕር እርጥበት በአሥር ደቂቃ ያበላሸዋል። አልባሶ ተሠሪ። ዝናብም ነፋስም አይነካውም፣ ከሀበሻ ቀሚስ ጋር ደግሞ ምን እንደሚመስል አንቺው ታውቂዋለሽ። ካባው ቬልቬት ስለሆነ ውኃ ጠላቱ ነው፣ በላስቲክ ሽፋኑ ይቆይና ድንኳን ውስጥ ልበሱት። ሜካፕ አርቲስቷን ውኃ የማያስለቅቀው ማስካራ እንድትይዝ ንገሪያት። ከቬሎው ሥር የጎማ ቦት አድርጊ፣ ታኮ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል።

ፎቶው ላይ አትስጊ። ደመና ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ ማንም ዓይኑን አይጨፍንም፣ የቬሎው ጥልፍም አንድ ሳይቀር ይወጣል። የቆዳችን ቀለም በዚያ ብርሃን ሲታይ እኔ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ዣንጥላዎቹ ግልጽ ወይም ነጭ ይሁኑ፣ ቀይ ዣንጥላ ፊትን ቀይ ያደርጋል። ፎቶግራፈሩ ሲመሽ ከኋላችሁ ፍላሽ ካደረገ እያንዳንዱ ጠብታ ያበራል። የእህቴ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ ያለው እሱ ፎቶ ነው።

ዛሬ ማድረግ ያለብሽ ሁለት ስልክ መደወል ነው። አንዱ ድንኳን አከራዮቹ ጋ፣ ግድግዳና ጣውላ አስጨምሪ፣ ለቅዳሜ ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛው የቤቱ ባለቤት ጋ፣ ሣሩ ላይ ድንኳን መትከል ይፈቅድ እንደሆነ አረጋግጪ። መልሳቸውን እዚሁ ጻፊልኝ፣ ግልጽ ዣንጥላዎች እኔ ጋ ስላሉ አውስሻለሁ።