«ሞላውን ላስቆርጠው?» እና ሌሎች የቅዳሜ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት አዘዞ መንገድ ላይ ካለችው ጋራዤ በር ላይ ቡና ተፈልቶ ነበር። አሮጌ ግን ሯጭ መኪና ያላቸው የጎንደር ልጆች ተሰብስበው ስለ መኪና እግር (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር ስለሚያያይዙት ዕቃዎች) እና ስለ መሪ ጥያቄ አዘነቡብኝ። የመለስኩትን ያህል እንዲህ ጻፍኩት።

ጋሼ፣ ቢኤምደብሊው ኢ30 አለኝ፤ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ። ዝቅ ብሎ ኩርባ ላይ መሬት እንዲይዝ ሞላውን፣ መኪናውን የተሸከመውን ጥቅል ብረት፣ በግራይንደር ላስቆርጠው አስቤያለሁ። ምን ይላሉ?

ግራይንደሩን ወደነበረበት መልስ። እኔም በልጅነቴ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክሴ ላይ ሁለት ዙር ቆርጬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ፒያሳ ስወጣ የዘይት ኮፓው ኮብልስቶኑ ላይ ተፈልጦ ዘይቱ እንደ ጠላ ወረደ። ሰው ደግሞ ቆሞ ያያል!

ኮፓው ግን ቀላሉ ጣጣ ነው። ሞላ ሲያጥር ይደርቃል። የሚሠሩት ዙሮች ስድስት ቢሆኑና አንዱን ብታነሳ፣ ጥንካሬው በ20 በመቶ ይጨምራል። የሞላውን ንዝረት የሚገታው ሾክ አብዞርበር ግን ያው የድሮው ነው፤ የደረቀ ሞላ መግታት አያውቅም። መኪናው ይነጥራል። አየር ላይ ያለ ጎማ ምን ይይዛል? በዚያ ላይ የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም። ጉድጓድ ገብተህ እግሩ ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል።

የኢ30 የኋላ እግር ደግሞ ቂመኛ ነው። ጎማውን የሚይዙት ክንዶች ሰያፍ ስለታሰሩ መኪናው በወረደ ቁጥር የጎማው አናት ወደ ውስጥ ይጋደላል። የጎማው የውስጥ ጠርዝ ሳታየው ተልጦ ያልቃል። ዝቅ ማድረግህ ካልቀረ፣ ለመኪናው የተሠራ አጭር ሞላ ከሚመጥነው ሾክ ጋር ግዛ፤ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ አትውረድ። ከዚያ በፊት ግን የፊት ክንዶቹን ጎሚኒ፣ መጋጠሚያቸው ላይ ያለውን ላስቲክ፣ እየው። በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ስትሄድ ፍሬን ስትይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል?

አዎ፣ ይንቀጠቀጣል። ግን ፍሬን ዲስኩ ነው አሉኝ።

ዲስክም ሊሆን ይችላል። በኢ30 ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ጎሚኒውን ነው። በሌቨር ገፋ አድርገን እንየው። ከተቀደደ ጥንዱን አንድ ላይ እንቀይራለን።

እኔ ብሬ ትንሽ ነው። ከምን ልጀምር?

ከጎማ። መሬት የሚነካው እሱ ብቻ ነው። ሞላም ሾክም የሚለፉት ጎማው መሬት ላይ እንዲቆይላቸው ነው። ጥርሱን ብቻ አትይ፤ ዕድሜውንም እይ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 3219 ካለ በ2019 በ32ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር እንደሆነ አትርሳ፤ በእኛ 2011 ማለቂያ ላይ ነው። አንድ ወዳጄ 0812 የሚለውን አይቶ በእኛ አቆጣጠር 2012 መስሎት ገዛ። ስምንት ዓመት አካባቢ አርጅቶበታል።

ከጎማ ቀጥሎ ጎሚኒ፣ ቦል ጆይንት (የክንዱ ኳስ መጋጠሚያ) እና የመሪ ጫፎች፤ ከዚያ ሾክ። ይህ ሁሉ ሲታደስ ብዙዎቻችሁ ሌላ መጨመር አያምራችሁም። አሮጌ መኪና «አይታጠፍም» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ መኪና ነው እንጂ መጥፎ መኪና አይደለም።

ዲኤክሴ ላይ 15 ቁጥር ቸርኬ ባስገባስ? ያምራል።

ያምራል፤ አልዋሽህም። ስሌቱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ፣ የመጨረሻው የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። 175/70 ባለ 13 ጎማ ቁመቱ 575 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። 185/60 ባለ 14 ደግሞ 578፣ 195/50 ባለ 15 ደግሞ 576። ስለዚህ ፍጥነት መለኪያህን አይረብሹትም። የሚለየው የላስቲኩ ጎን ነው፦ ከ122 ወደ 111፣ ከዚያ ወደ 97 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ጎኑ ሲያጥር መሪው ፈጣን ምላሽ ይሰጣል፤ ድንጋዩን ግን ቸርኬው ራሱ ይቀምሰዋል። በኛ ኮብልስቶን 14 ላይ ብትቆም ይሻልሃል። የዲኤክስ ታላቅ ስም ያለው ዘመዱ፣ ኤኢ86 ኮሮላ፣ በ185/60 ባለ 14 ነው ስሙን ያገነነው።

ጎሚኒውን ሁሉ በፖሊዩሪቴን፣ ከላስቲክ በሚደርቀው ፕላስቲክ፣ ልቀይረው?

ሁሉን አይሆንም። የፊቱ ላይ ጥሩ ነው፤ መሪው ይነቃል። ሲገባ ግሪሱ ካነሰ ግን እንደ አሮጌ አልጋ ይጮኻል። የዲኤክስ የኋላ አክስል ግን በአራት ክንድ የታሰረ ወጥ አክስል ነው። አንዱ ጎማ ወጥቶ ሌላው ሲወርድ ክንዶቹ በጎሚኒያቸው ውስጥ መጠማዘዝ አለባቸው። የላይኞቹን ካደረቅህ አክስሉ ይታነቃል፤ ከዚያ ኋላህ ድንገት ያመልጣል። የላይኞቹን በደህና ጎማ ጎሚኒ ተዋቸው።

ጎልፍ ጂቲአይ ነው የኔ፣ ማርክ ሁለት። ኩርባ ላይ መሪውን አዙሬም ፊቱ ወደ ውጭ ይሄድብኛል።

ፊት ጎታች መኪና ተፈጥሮው ነው። ሰው እዚህ ጋ የፊቱን ማረጋጊያ ብረት፣ ግራና ቀኙን እግር አገናኝቶ መኪናው ኩርባ ላይ እንዳይጋደል የሚይዘውን፣ ያወፍራል፤ ያባብሰዋል። የሚወፍረው የኋላው ነው። በጥቂቱ ግን፤ የብረቱ ጥንካሬ በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ይጨምራልና። ከ20 ወደ 22 ሚሊ ሜትር መሄድ ትንሽ ይመስላል፣ 46 በመቶ ነው። ክረምት ላይ ወደ ኮሶዬ ስትወጣ መንገዱ እርጥብ ነው፤ ኋላው ካመለጠህ ከዳር ያለውን ገደል ታውቀዋለህ።

አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) መቼ ላሠራ?

መጨረሻ ላይ። ጎሚኒ ሳይቀየር ማስተካከል ገንዘብ ማቃጠል ነው። የፊት ጎማዎቹን የፊት ጠርዝ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ፣ የአናታቸውን ጋደልም ወደ ውስጥ ከአንድ ዲግሪ ትንሽ አለፍ አድርገው። ለመንገድ ይበቃሃል።

ጋሼ፣ እኔ ሊማሊሞን ስወርድ የፍሬን ፔዳሉ ሰመጠብኝ። ሸራው አዲስ ነው። ከእግሩ ጋር ይገናኛል?

አይ እህቴ፣ የፍሬን ዘይትሽ ፈልቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ በጠጣ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ በ230 ዲግሪ ይፈላል፤ እርጥበት ሲጠጣ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ዶት 3 ከሆነማ ከ205 ተነስቶ እስከ 140። ቁልቁለቱ ላይ ያን ሙቀት ታገኚዋለሽ። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ እግርሽ እንፋሎቱን ይጨምቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም።

በዶት 4 ሙሉ በሙሉ ቀይሪው፣ በየሁለት ዓመቱ ድገሚው። ስትወርጂ ደግሞ ቁልቁለቱ ሳይጀምር በሁለተኛ ማርሽ ግቢ፤ ሞተሩ ይያዝልሽ። ፍሬኑን ጠንከር አድርገሽ ያዢ፣ ልቀቂ፣ እንደገና ያዢ። እግርሽን አሳርፈሽበት አትውረጂ። ሰኞ ጠዋት ይዘሽው ነይ፤ ዘይቱን አውጥተን ቀለሙን አሳይሻለሁ።