ከኬዝ ውጪ የሚደረግ ሙከራ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ራይዘን 5 5600ጂ ፕሮሰሰር ከነፋኑ፣ ያገለገለ ቢ450 ማዘርቦርድ እና ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም ከተለያዩ ሰዎች ገዝቻለሁ። ሻጮቹ የሰጡኝ የመመለሻ ጊዜ አጭር ስለሆነ ኬዝ (የኮምፒውተሩን ሣጥን) እስክገዛ መጠበቅ አልችልም። አንዱ ጓደኛዬ ጠረጴዛ ላይ ገጣጥመህ አስነሣው ይለኛል፤ ሌላው ቦርዱን ታቃጥለዋለህ እያለ ያስፈራራኛል። የማንን ልስማ?
ተማሪ፣ ከአዳማ

መልስ፦ የመጀመሪያውን ይስሙ፤ የሁለተኛውም ስጋት ግን ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። የማዘርቦርድ ጀርባ በብየዳ ጫፎች የተሞላ ነው። ብረት ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት ወይም አንዲት ብሎን ከሥሩ ከተረሳች ሾርት ያደርጋል። ስለዚህ ደረቅ ካርቶን ላይ ያስቀምጡት፤ የራሱ ማሸጊያ ካለ ይመረጣል። ቦርዱ የሚመጣበት ብርማ ከረጢት ላይ ግን በፍጹም። ከረጢቱ ዕቃውን ከስታቲክ (በመፋተግ ከሚከማች ኤሌክትሪክ) የሚጠብቀው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን ስላለው ነው፤ መብራት ባለው ቦርድ ሥር መግባት የለበትም።

በበጋ የአዳማ አየር ደረቅና ነፋሻማ ስለሚሆን ስታቲክ ይበዛል። ናይለን ምንጣፍ ላይ ቆመው አይሥሩ። ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ መብራት የሚሰጠውን ሣጥን) በባለ 24 ቀዳዳው ገመድ ከቦርዱ ጋር ያገናኙና፣ ስፒናው ሳይሰካ፣ ማንኛውንም ዕቃ ከማንሣትዎ በፊት ቀለም ያልተቀባ ብረቱን፣ ለምሳሌ የብሎኑን ራስ፣ ይንኩ። ከዚያ በኋላ እርስዎም ቦርዱም እኩል ቻርጅ ላይ ናችሁ ማለት ነው።

ፕሮሰሰሩን ሲያስገቡ ጥጉ ላይ ያለችውን ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር ያጋጥሙ። ማንሻው ተነሥቶ እያለ በራሱ ክብደት መውደቅ አለበት፤ ካልገባ እግሮቹን ይመርምሩ እንጂ አይጫኑት። ቀጥሎ የሚመጣው ፋን ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነው። ከ5600ጂ ጋር የሚመጣው ፋን በአራት ብሎን ስለሚታሰር ሶኬቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥቁር ፕላስቲኮች መፈታት አለባቸው። እነዚያ ሲፈቱ ግን ከቦርዱ ጀርባ ያለው ብረት ይለቃል፤ አራቱ ብሎኖች የሚነክሱት እሱን ነው። ካርቶኑ ከሥር ደግፎ ካልያዘው በአንድ እጅዎ ይያዙት። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ እያፈራረቁ ትንሽ ትንሽ ያጥብቁ። ፋኑ አዲስ ከሆነ ቴርማል ፔስቱ (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ከሥሩ ተቀብቶ ነው የሚመጣው፤ ያገለገለ ከሆነ አሮጌውን በአልኮል ጠርገው የአተር ፍሬ የምታህል ይጨምሩ። የፋኑን ሽቦ ሲፒዩ ፋን የሚል ጽሑፍ ካለበት ቦታ መሰካት አይርሱ።

ራም አንድ ብቻ ያስገቡ። ቦርዱ አራት የራም ቦታ ካለው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛው ላይ ይሁን፤ ቀጭ እስኪል ይጫኑት። ባለ 24 ቀዳዳው ገመድ በደንብ መግባቱን ይዩ፣ ከዚያም ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለውን ባለ 8 ቀዳዳ ይሰኩ። እዚህ ላይ የግራፊክስ ካርዱ ገመድም 8 ቀዳዳ ስላለው ያሳስታል። የቀዳዳዎቹ ቅርጽ ይለያያል፣ የ12 ቮልቱና የግራውንዱ ቦታም የተገለበጠ ነው፤ አልገባ ካለ በጉልበት አይሞክሩ። ይህ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስላለው ካርድ አያስፈልግም። ሃርድ ዲስክም ለጊዜው ይቅር።

የሞኒተሩን ኤችዲኤምአይ ገመድ ከመብራቱ በፊት ይሰኩ። ቤትዎ ግራውንድ (የመሬት መስመር) ከሌለው የፓወር ሰፕላዩ አካል በማጣሪያ ካፓሲተሮቹ በኩል ቮልቴጅ ይይዛል፤ ሲነኩት የሚነዝረው ለዚህ ነው። ያው ነገር በበራ ሞኒተርና በበራ ቦርድ መካከል ሲያልፍ የኤችዲኤምአይ ፖርቱን ሊገድል ይችላል። ሁለቱንም አንድ ዲቫይደር ላይ፣ ግራውንድ ባለው ሶኬት ይሰኩ።

አሁን ማስነሣት ነው። የፊት ፓነል እግሮች ካሉበት ጥግ የፓወር ስዊቹን ሁለት እግሮች ይፈልጉ። በአብዛኞቹ ቦርዶች አንድ እግር የጎደለበት ጫፍ አለ፤ በዚያው ረድፍ ከጎደለችው ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ናቸው። ቢሆንም በቦርዱ ላይ ከታተመው ጽሑፍ ጋር ያመሳክሩ። በፍላት ካቻቪቴ ጫፍ ሁለቱን ለቅጽበት ያነካኩና ይልቀቁ። ካቻቪቴውን ይዘው ከቆዩ ቦርዱ ተመልሶ ይጠፋል።

ፋኑ ዞሮ ምስል ካልመጣ አይደንግጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ራሙን ስለሚለማመድ ሁለት ደቂቃ ያህል ይታገሡ። ከዚያም ካልመጣ ባለ 8 ቀዳዳው ገመድ በደንብ መሰካቱን፣ ቀጥሎ ራሙን ይጠርጥሩ፦ አውጥተው መልሰው ይሰኩ፣ ሌላኛውን ይሞክሩ፣ ቦታ ይቀይሩ። በእርስዎ ዕቃዎች ላይ ግን ከሁሉ በላይ የምንጠረጥረው ባዮሱን፣ ማለትም ቦርዱ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራውን የራሱን ፕሮግራም ነው። ቢ450 የወጣው በ2018፣ 5600ጂ ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ባዮሱ ያልታደሰ ቦርድ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው፤ ሁለቱም ዕቃ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሻጭና ገዢ የሚጣሉት እንዲህ ነው። ያለ ፕሮሰሰር ባዮስ በፍላሽ የሚያድስ ቁልፍ ከሌለው፣ የቆየ ራይዘን ያለው ሰው ፈልገው በእሱ ያሳድሱ።

ምስል ከመጣ ባዮስ ውስጥ ገብተው የራሙን መጠንና የፕሮሰሰሩን ሙቀት ያንብቡ። ከ40 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ቢቆም ደህና ነው። በደቂቃዎች ውስጥ 80ን ካለፈ ያጥፉት፤ ፋኑ በትክክል አልተቀመጠም። ከዚያ ሁለተኛውን ራም ለብቻው፣ በመጨረሻም ሁለቱን አንድ ላይ ይሞክሩ፤ ጊዜ ካለ ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ አስነሥተው አንድ ዙር ያስጨርሱ። አንድ ነገር በቀየሩ ቁጥር ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለውን ማብሪያ ያጥፉ፣ ስፒናውን ይንቀሉ፣ የቦርዱ መብራት እስኪጠፋም ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ከመግዛቴ በፊት ብቻውን መሞከር ይቻላል?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ይቻላል። መጀመሪያ ግን ጀርባውን ይዩ። በድሮዎቹ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ አለ፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ 115 ላይ ተትቶ ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል።

መብራት ሳይሰካ ባለ 24 ቀዳዳውን ገመድ ይያዙ። አረንጓዴውን ሽቦ ከጎኑ ካለው ጥቁር ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኙ። ሁሉም ሽቦ ጥቁር ከሆነ መያዣ ጥርሱ ባለበት ረድፍ 16ኛ ቁጥር ቀዳዳ ነው፤ 15 እና 17 ግራውንድ ናቸው። ጭነት እንዲኖረው የድሮ ሃርድ ዲስክ ወይም የኬዝ ፋን ይሰኩበት፣ ከዚያ መብራቱን ይስጡት። በቴስተር ሲለኩ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሆን አለበት። ከዚህ ከወጣ አይግዙ። ልኩ ትክክል መሆኑ ግን ከባድ ጭነት ይችላል ማለት አይደለም፤ የሞተውን ይለያል፣ ደካማውን አይለይም። ከፍተውም አይዩት፤ ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ወደ 310 ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ካርቶን ላይ በደንብ የሠራው ኮምፒውተር ኬዝ ውስጥ ሲገባ እምቢ አለ። ምን ሊሆን ይችላል?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ዕቃዎቹ ደህና መሆናቸውን ስላረጋገጡ ጥፋቱ ከአገጣጠሙ ነው። ቦርዱን የሚሸከሙትን ቢጫ እግሮች ይቁጠሩ፤ የብሎን ቀዳዳ በሌለበት ቦታ አንድ ትርፍ እግር ካለ ጀርባውን ሾርት እያደረገው ነው። ከኋላ የፖርቶቹ መሸፈኛ ቆርቆሮ ምላስ ወደ ዩኤስቢው ወይም ወደ ኔትወርኩ ቀዳዳ አለመታጠፉንም ይዩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የኬዙን የፓወር ቁልፍ ሽቦ ነቅለው በካቻቪቴው ያስነሡት፤ ከተነሣ የተበላሸው ቁልፉ ነው፣ የሪሴቱን ሽቦ በእሱ ቦታ ሰክተው መጠቀም ይችላሉ።