«ፕሪሚቲቭ» ሁልጊዜ «ኋላ ቀር» ነውን?

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ስለ እንሰት የተጻፈ አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስመልስ፣ የቀርከሃውን የእንሰት መፋቂያ የሚገልጸውን «ፕሪሚቲቭ» የሚል ቃል «ኋላ ቀር» ብዬ ተረጎምሁት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ መፋቂያ የሠሩት አያቴ ሳነብላቸው ቅር አላቸው። ይኸው ቃል ጃቫ በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ትምህርታችንም አለ፤ እዚያ ግን «ኋላ ቀር» ቢባል ትርጉም አይሰጥም። ትክክለኛ ፍቺው የትኛው ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የአያትዎ ቅሬታ ተገቢ ነው። ቃሉ «ፕሪሙስ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ ፍቺውም «የመጀመሪያ» ማለት ነው። ስለዚህ መነሻ ሐሳቡ ቀድሞ የነበረ፣ ከሌላ ነገር ያልተገኘ የሚል ነው፤ «ያልተወሳሰበ» የሚለው ፍቺ ከዚህ ተከትሎ መጣ። «ኋላ ቀር» የሚለው ግን ፍርድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ጸሐፊዎች ሕዝቦችን በመሰላል ላይ እንዳሉ ቆጥረው ራሳቸውን ከላይ፣ ሌላውን ከታች ሲያስቀምጡ ቃሉ ይህን ንቀት ተሸከመ። ዛሬ የሥነ ሰብእ ምሁራን ስለ ሕዝብ ሲጽፉ ቃሉን የሚሸሹት ስለዚህ ነው፤ እኛም ልንሸሸው ይገባል።

በጃቫ ስምንቱ «ፕሪሚቲቭ» የመረጃ ዓይነቶች ከሌሎች ዓይነቶች ያልተገነቡ፣ ሌላው የሚገነባባቸው በመሆናቸው «መሠረታዊ» ቢባሉ ይስማማል። በሥነ ሕይወት ደግሞ ቃሉ ከጥንት ወላጅ ዝርያ ሳይለወጥ የቆየ ባሕርይን ያመለክታል። የሰው እጅ አምስት ጣት ያለው መሆኑ በዚህ አነጋገር «ፕሪሚቲቭ» ነው፤ የፈረስ አንድ ጣት ብቻ መቅረቱ ግን በኋላ የመጣ ለውጥ ነው። በዚህ ስፍራ «ኋላ ቀር» ብንል የራሳችንን እጅ ከፈረስ ሰኮና አሳንሰን መናገራችን ነው፤ «ቀደምት» ማለት ይሻላል። በአፋር ጎና ለተገኙት፣ ወደ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ላላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ደግሞ «ጥንታዊ» ይበቃል።

አያትዎ የያዙት የቀርከሃ ስንጣቂ የእንሰቱን ሥጋ ፍቆ ሲያወርድ ቃጫውን ሳይበጥስ ያስቀራል፤ ለሥራው በሚገባ የታሰበበት መሣሪያ ነው። ስለዚህ በትርጉምዎ ውስጥ «ከቀርከሃ የተሠራ ቀላል መፋቂያ» ብለው ቢጽፉ ጽሑፉ ያለውን ሳይቀንሱ ያደርሳሉ፤ ለአያትዎም ደግመው ያንብቡላቸው።